«የክዌታ እና የአቢሲኒያ ወታደር አልበም» ልትገዙ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

በኢንተርኔት ጨረታ ላይ «የእንግሊዝ ህንድ ጦር ወታደር አልበም፣ የክዌታ መሬት መንቀጥቀጥና አቢሲኒያ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ረጋ በሉ።

ማባበያው እኛን የሚይዘው ታሪኩ ሊሆን የሚችል በመሆኑ ነው። ያኔ ትልቅ የጦር ሰፈር የነበረችው ክዌታ፣ የዛሬዋ ፓኪስታን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1935 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ፈራርሳ ከ30 ሺህ እስከ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ አልቋል። የህንድ ጦር በ1941 ከረንና አምባ አላጌ ላይ ጣሊያንን ተዋግቷል። ሁለቱም በአንድ ወታደር አልበም ውስጥ ቢገኙ አይገርምም። ግን የአምባ አላጌው ፎቶ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ተነቅሎ ለብቻው ይሸጣል። የአልበሙን ጥቁር ወረቀት ልብ ብላችሁ እዩት፤ ፎቶ የነበረበት ቦታ ሳይደበዝዝ በአራት ማዕዘን ጠቆር ብሎ ይታያል፣ የማዕዘን መያዣዎቹም ባዶ ናቸው። ገጽ በገጽ አንስቶ ካልላከላችሁ የሚደርሳችሁ ፖሎ፣ ሰልፍና የእግር ኳስ ቡድን ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ ይገኛል።

«በዓለም አንድ ብቻ» የሚባለውም ወሬ ነው። የፍርስራሹን ፎቶ ፎቶ ቤቶች እያባዙ ለወታደሩ ይሸጡት ስለነበር የክዌታው ብሩስ ጎዳና ፍርስራሽ በብዙ አልበም ይደጋገማል። መደጋገሙ ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን ያወርዳል።

ኮፒውን ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካያችሁ ከመጽሐፍ የወጣ ነው፤ የተረጨ ቀለም ከሆነ የፕሪንተር ሥራ ነው። የዘመኑ ፎቶ ላይ ሁለቱም የሉም፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጥቁሩ ቦታ፣ በተለይ ጠርዙ ላይ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ቀጥሎ የሐሰተኛ ብር መለያዋን መብራት በጨለማ ጀርባው ላይ አብሩበት። ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ወረቀቱ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ወዲህ ነው፤ ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል ከዚያ በፊት አይጨመርበትም ነበር። ካላበራ ግን ገና አላለፈም፤ ኬሚካሉ የሌለው አዲስ ወረቀትም አለ። ጀርባው ላይ በቢክ እስክሪብቶ «ክዌታ 1935» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጽሑፉ የኋላ ሰው ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ አትክፈሉ።

የህንዷ ቢሃር የጃንዋሪ 1934 የመሬት መንቀጥቀጥ ፎቶም ክዌታ ተብሎ ይሸጣል። ክዌታ ደረቅ ነች፣ ከኋላዋ ራቁት ተራሮች አሉ። ዘንባባና ከተሰነጠቀ መሬት የፈለቀ አሸዋና ውሃ ካያችሁ ቢሃር ነው።

ስካን ብቻ የሚሸጥላችሁ ካለ መጠኑን ጠይቁ። 9 በ14 ሴንቲሜትር ፖስት ካርድ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ሲነሳ ወደ 2100 በ3300 ፒክስል ይመጣል። 800 ፒክስል የሆነው ከድረ ገጽ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም፣ ተለቅ አድርጎ ለማተምም አይሆንም። የጀርባውን ፎቶ አልልክም ካለም እለፉት።