የልጅ ቀለብ ጉዳይ ላለባችሁ፦ አንዲት ጠበቃ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ጠበቃዬን ለማመስገን ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም። ቢሯቸው ልደታ አካባቢ ነው። ሥራቸው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ፍቺ፣ ቀለብ፣ አባትነት። እንደኔ ልጅ እያሳደጋችሁ በቀለብ ሂሳብ ለምትጨቃጨቁ ሁሉ ቢደርሳችሁ ደስ ይለኛል።

ከልጄ አባት ጋር ሳንጋባ ነው የወለድነው፤ አሁን ተለያይተናል። እሱ ቀለብ አልሰጥም ብሎ አያውቅም። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነበር። አንድ ወር በባንክ ይልካል፣ ሌላ ወር በቴሌብር። አንዳንዴ ደግሞ ወንድሙ በር ላይ መጥቶ ጥሬ ብር ይሰጠኛል። ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርምና ደብተር ገዝቶ ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ታዲያ ሂሳቡ አይገጥምም። እሱ «ሁሉንም ከፍያለሁ» ይላል። እኔ «የቀረ ወር አለ» እላለሁ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ግን ማንን ይመኑ? ሁለታችንም የያዝነው ወሬ ብቻ ነው።

ጠበቃዋ ጋ የሄድኩት ክስ እንዲጽፉልኝ ነበር። ጉዳዬን አዳምጠው ሲጨርሱ ባለመስመር ወረቀት አወጡና «ክሱ ይቆይ የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ የሰጠሽን በሙሉ ጻፊልኝ» አሉኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ያልሰጠኝን ለመቁጠር ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ዳኛ ፊት የተቀበልሽውን ሳትሸሽጊ ከተናገርሽ፣ አልተቀበልኩም ያልሽውንም ያምኑሻል» አሉኝ። ይህን የሚል ጠበቃ እጠብቃለሁ ብዬ አልሄድኩም። በዚያች ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ወረቀቱን በማስመሪያ ከፋፈሉት። ቀን፣ የብሩ መጠን፣ በምን እንደተከፈለ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ። ጥግ ላይ «ከቀለብ ውጭ» የሚል አንድ ዓምድ ጨመሩ። ጫማው፣ ዩኒፎርሙ፣ የልደት ስጦታው እዚያ ገባ። አብዛኛው ጭቅጭቃችን ከዚህ የመጣ ነበር። እሱ ጫማ የገዛበትን ወር እንደ ከፈለ ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ለየብቻ ሲጻፍ እሱም ያወጣው ታየለት፣ የልጁም የወር ቀለብ ሳይነካ ቀረ።

ቀጥሎ ከባንክ ማህተም ያለበት ስቴትመንት አስወጥቼ ወሰድኩላቸው። ይህችን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚሸወድባት። ስቴትመንቱ ላይ ኦክቶበር ውስጥ ሁለት ክፍያ አለ፣ በ5 እና በ30። ኖቬምበር ባዶ ነው። ከዚያ ዲሴምበር 3 ላይ ይቀጥላል። ያየው ሰው ሁሉ «አንድ ወር ዘሏል» ይል ነበር። ጠበቃዋ መነጽራቸውን አድርገው የግድግዳ ካላንደራቸውን አወረዱና በጣታቸው እየቆጠሩ ቀኖቹን ወደኛ አቆጣጠር መለሷቸው። መስከረም 25፣ ጥቅምት 20፣ ኅዳር 24 ሆኑ። አንድም የተዘለለ ወር የለም! ባንኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፣ እኛ በሐበሻ ወር እንነጋገራለን፤ መሃል ላይ አንድ ወር የጠፋ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ነው የምጽፈው። በርግጥ ሳይከፈሉ የቀሩ ወሮችም ተገኙ። እነሱ ግን ሌሎች ናቸው፤ እሱም ሰንጠረዡን ሲያይ አልካደም።

ለወደፊቱ ያዘዙን ደግሞ ቀላል ነው። ለቀለብ ብቻ የሚሆን ሂሳብ ተከፈተ፤ ደመወዜ ከሚገባበት ጋር አይቀላቀልም። እሱ ሲልክ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ የልጁን ስምና የወሩን ስም ይጽፋል፣ «የየካቲት ቀለብ» ብሎ። በቴሌብር ከላከም የግብይት ቁጥሩን መዝገቤ ላይ አሰፍራለሁ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፤ ሜሴጅ ብቻውን አያስተማምንም። ጥሬ ብር ከሆነ በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ ብሩ በአሃዝና በፊደል፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ የሰጪና የተቀባይ ፊርማ። አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ይቀራል። በሰው እጅ ሲልክም ያመጣው ሰው ይፈርማል። የልጄ አባት መጀመሪያ «በወንድሜም አታምኑም?» ብሎ ቅር ብሎት ነበር። ጠበቃዋ ራሳቸው ደውለው ወረቀቱ እሱንም እንደሚጠብቀው አስረዱት። እሺ አለ። አሁን ደረሰኙን ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ነው።

በሕግ በኩልም ብዙ ነገር አብራሩልኝ። ሳትጋቢ ስለወለድሽ መብት የለሽም የሚለው የሰፈር ወሬ ውሸት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። የቀለቡ መጠን የሚቆረጠው የልጁ ፍላጎትና የሰጪው አቅም ታይቶ ነው፤ ሁኔታው ሲለወጥም እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የውዝፉ ነገር ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ያልተሰበሰበ ወይም ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ይሰረዛል፣ መጠየቅ አይቻልም ይላል። «ይሁን፣ ይታገሥ» እያሉ ዓመት መቆየት የልጅን ገንዘብ ያስበላል ማለት ነው። እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህችን ልብ በሉ። ስትጠይቁም በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበት ቀን ይታወቅ።

በመጨረሻ ክስ ሳያስፈልግ ተስማማን። ስምምነቱን ጠበቃዋ ጻፉት፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸደቀ። እንዲህ ከሆነ ክፍያው ቢቋረጥ እንደገና ከሀ መጀመር የለም፤ በቀጥታ በአፈጻጸም፣ ማለትም የጸደቀው ስምምነት በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈጸም በመጠየቅ፣ መሄድ ይቻላል። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል።

ስለ ጠበቃዋ ክፍያ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ገና ሥራ ሳይጀምሩ ዋጋውን ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል፣ ደረሰኝ ሰጥተውኛል፣ በኋላ አንድም ብር አልጨመሩብኝም። ስደውል ያነሳሉ። ካላነሱ ማታ መልሰው ይደውላሉ። የልጄን አባት አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲናገሩት አልሰማሁም፤ ልጁ ሁለታችንንም እንደሚፈልግ የማይረሱ ሰው ናቸው። እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላችሁ እህቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ።

የጠበቃዬን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የአባቱ ስም የሰፈረበት የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና ደረሰኞች ያዙ። የተቀበላችሁትንም ጽፋችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።