የሕፃን ወተት፣ እርጎ፣ አሬራ፣ ዱቄት፦ የወተትን ስኳርና ቅባት አይቶ መግዛት

በቀደም ከጎረቤቴ ጋር ሱፐርማርኬት ገባን። የሰባት ወር ልጅ አላት። ሥራ ልትመለስ ስለሆነ የሕፃን ወተት ፈልጋ ነው። ሁለት ጣሳ አነሳች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዛ "የቱን ልውሰድ?" አለችኝ። ውዱ ላይ "ኤችኤምኦ" እና "ኤምኤፍጂኤም" የሚሉ ፊደሎች በትልቁ ተጽፈዋል። ርካሹ ላይ የሉም። የመጀመሪያው የስኳር ስም ነው፣ ሁለተኛው የቅባት። እዚያ ቆመን ያወራነው ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ወተት ለሚገዛ ሰው ስለሚጠቅም ልጻፈው ብዬ ነው።

ውዱ ጣሳ ወይስ ርካሹ?

ኤችኤምኦ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያሉ ልዩ ስኳሮች የጋራ ስም ነው። ከ150 በላይ ዓይነቶች ናቸው። በአንድ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ግራም ይገኛሉ። በላም ወተት ውስጥ ግን ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። የሚገርመው፣ ሕፃኑ ራሱ አይፈጫቸውም። እንዳሉ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዱና እዚያ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመግባሉ። ሌላም ሥራ አላቸው። አንዳንድ በሽታ አምጪ ተህዋስያን አንጀቱን ይዘናል ብለው እነዚህ ስኳሮች ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ።

ጣሳው ላይ "ኤችኤምኦ አለው" ሲባል ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት፣ ቢበዛ አምስት ስድስት ነው። በፋብሪካ የተመረተ እንጂ ከእናት ጡት የመጣ አይደለም። ለሕፃን አይጎዳም፣ ጥሩ ጭማሪ ነው። የጡት ወተት ግን አይሆንም።

ኤምኤፍጂኤም ደግሞ የወተት ቅባት የለበሰው ሽፋን ነው። ቅባቱ ወተት ውስጥ የሚንሳፈፈው በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ሆኖ ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ሽፋን አላት። ሽፋኑ ውስጥ አንጎል ሲገነባ የሚጠቀምባቸው ቅባቶች አሉ። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ይህ ሽፋን የተጨመረበትን ወተት የጠጡ ሕፃናት በአንድ ዓመታቸው በተሰጣቸው የአእምሮ ዕድገት ፈተና ተራውን የጣሳ ወተት ከጠጡት በ4 ነጥብ ገደማ በልጠው ተገኙ። ስድስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው እንደገና ሲፈተኑ ግን ልዩነቱ አልታየም።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ያልኳት ይህን ነው። "ጡትሽን አታቋርጪ። ጠዋትና ማታ አጥቢው፣ ከቻልሽም አልበሽ አስቀምጪለት። ለቀረው ሰዓት ለዕድሜው የተሠራውና ጊዜው ያላለፈው ርካሹ ይበቃል።" እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ውዱን ገዝቶ "እንዲበረክት" ብሎ በውሃ ማቅጠን አለ። ያ ልጅ ይጎዳል። በልኩ የተበጠበጠ ርካሽ ወተት ከቀጠነ ውድ ወተት እጅግ ይሻላል።

ወተት ወይስ እርጎ?

ይህ ለአዋቂ ነው። የላም ወተት ዋና ስኳር ላክቶስ ይባላል። ሩብ ሊትር በምትይዝ ብርጭቆ ውስጥ 12 ግራም ገደማ አለ። ብዙ አዋቂዎች እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚቀንስባቸው ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ይቆርጣቸዋል። እርጎ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን በልተውታል፤ የቀረውንም አንጀት ውስጥ ሲፈጩ ያግዛሉ። ሆድዎ ወተት የማይወድ ከሆነ እርጎ ይግዙ። አይብማ ከዚህም ይቀላል፤ ላክቶሱ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ፈስሷል። የግመል ወተት ግን ላክቶስ የለውም የሚባለው ስህተት ነው። አለው።

ከሁዳዴ በኋላም ልብ ይበሉ። 55 ቀን ወተት ያልቀመሰ አንጀት፣ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቶስን ረስተውታል። የፋሲካ ሰሞን በትልቅ ብርጭቆ ወተት ከመጀመር በእርጎ መጀመር ይሻላል።

ንጥር ቅቤ ወይስ አሬራ?

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። እርጎ ሲናጥ አይተው ያውቃሉ? መጀመሪያ የቅሉ ድምፅ ወፍራም ነው። ቆይቶ ቀጠን ይልና ቅቤው ፍርፍር ብሎ ይሰበሰባል። ያኔ እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ ሽፋኗን ቀድዳለች ማለት ነው። ቅባቱ ተያይዞ ቅቤ ይሆናል፤ ሽፋኑ ግን በብዛት የሚቀረው አሬራው ውስጥ ነው። ውዱ ጣሳ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነገር እናቶቻችን ለእንግዳ ማቅረብ የሚያፍሩበት አሬራ ውስጥ አለ።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የስዊድን ጥናት ለዚህ ይጠቅማል። አንዱ ቡድን ለ8 ሳምንት በቀን 40 ግራም የወተት ቅባት ሽፋኑ ባልተነካ ክሬም ወሰደ። ሌላው ያንኑ መጠን በነጠረ ቅቤ ወሰደ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ከፍ ያለው ንጥሩን በወሰዱት ላይ ነው። ንጥር ቅቤ አይብሉ ማለቴ አይደለም፤ ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የለም። ኮሌስትሮልዎ ከፍ ካለ ግን የየቀኑን ቅባት ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ያግኙት፤ ቅቤውን ለበዓል ያቆዩት።

አሬራ ሲገዙ ወተቱ ፈልቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊመጣ ይችላል፤ መኮምጠጡ አያስተማምንም። እርጉዝ ሴት ባትጠጣው ይሻላል። ለሕፃንም የጣሳ ወተት ምትክ አይሆንም። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ተራ የላም ወተትም ዋና መጠጡ መሆን የለበትም።

የላስቲክ፣ የሰፈር ወይስ የዱቄት?

በላስቲክ የሚሸጠው ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት የተገደለ) ወተትና ከላም ባለቤት የሚመጣው የሰፈር ወተት በስኳርም በቅባትም ብዙ አይራራቁም። ሙቀቱ ላክቶሱን አያጠፋም። የሰፈሩን የሚገዙ ከሆነ ማፍላት ግዴታ ነው። ውሃ የገባበት ከሆነ ግን ስኳሩም ቅባቱም ቀንሷል፤ ሲረጋ ከላይ የሚሰበሰበው ቅባት ይነግርዎታል።

ዱቄት ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሙሉ ወተት ደርቆ የተፈጨ ነው። ሌላው የወተቱ ቅባት ወጥቶ በምትኩ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት የገባበት ነው። ማሸጊያው ላይ ሁለቱም የላም ሥዕል አላቸው፣ ሲበጠበጡም ሁለቱም ነጭ ናቸው። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ዝርዝር ያንብቡ። "የአትክልት ቅባት" ወይም "ፓልም" የሚል ካለበት ላክቶሱና ፕሮቲኑ የወተት ነው፣ ቅባቱ ግን አይደለም። ለማኪያቶ ቢሆን ግድ የለም። ለልጅ ቁርስ ከሆነ ግን ጥቂት ብር ጨምረው ሙሉውን ይውሰዱ።