ግኑፕሎት ወይስ ፓንዳስ?

የደሴንና የኮምቦልቻን የየቀን ሙቀት በግራፍ ላስተያይ ብዬ ሁለቱንም ሞከርኩ፦ ግራፍ የሚስለውን ፕሮግራም ግኑፕሎትንና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚያነበውን ፓንዳስን። ግኑፕሎት ሙቀቱ የተጻፈበትን ፋይል በቀጥታ ያነባል። በ# የሚጀምረውን መስመር ይዘለዋል፤ ዓምዱን በቁጥር ትጠራዋለህ። ካልነገርከው ግን ዓምድ የሚለየው በክፍት ቦታ ነው፣ በኮማ አይደለም። ባዶ መስመር ሲያገኝ ደግሞ ግራፉን ይቆርጠዋል። ይሄን እንኳን ወድጄዋለሁ፤ ያልተለካበት ቀን ክፍት ሆኖ ይታያል። ለሁለት ዓምድ ፋይል ከሱ ሌላ አልፈልግም።

ፓንዳስ ኮማውን ሳትነግረው ያውቃል፣ ዓምዱንም በስሙ ትጠራዋለህ። ጉድ የሠራኝ ቀኑ ነው። ጥቅምት 30ን «30/02/2016» ብዬ ጽፌ ነበር። ፋይሉን ሲያነብ ቀኑን እንዲለይ አዝዤዋለሁ። ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም! ስህተት እንኳን ሳያወጣ ዓምዱን በሙሉ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ተወው። እኔ ግራፉ ላይ ስፈልግ ቡናዬ ቀዘቀዘ። አሁን ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ ነው የምሰጠው።