የዩኒቨርሲቲ ራግቢ፦ የእንግሊዙ ወይስ የደቡብ አፍሪካው?

ሁለቱም ስማቸው "ቫርሲቲ" ነው። የሚመሳሰሉት ግን እዚያ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የእንግሊዙ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ መካከል ብቻ የሚደረግ የአንድ ቀን ግጥሚያ ነው። የተጀመረው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ኦክስፎርድ ጥቁር ሰማያዊ ይለብሳል፣ ካምብሪጅ ደግሞ ፈዛዛ ሰማያዊ። ከተሸነፍክ በቃ፣ ሌላ ዕድል የለህም፤ ዓመቱን ሙሉ ትጠብቃለህ። ክብሩ ትልቅ ነው። ጨዋታው ግን ሁልጊዜ ያን ያህል አይማርክም፤ እንዳይሸነፉ ስለሚፈሩ ይጠነቀቃሉ።

የደቡብ አፍሪካው ቫርሲቲ ካፕ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የተወለደው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሳምንታት ይፋለማሉ፣ ያውም በአብዛኛው ሰኞ ማታ። ሜዳው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ተማሪው ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ በእግሩ ይደርሳል። ጩኸቱን አስቡት! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች ስቴለንቦሽ ጠራርጎ ወሰደ።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሕጉ ነው። በመደበኛው ራግቢ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) 5 ነጥብ፣ ከትራይ በኋላ የሚመታው ኳስ 2 ነጥብ፣ ቅጣት ምት ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኛል። ቫርሲቲ ካፕ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ገልብጧቸው ነበር፦ ከትራይ በኋላ የሚመታው 3፣ ቅጣት ምቱ 2። ስለዚህ ቡድኖቹ ቅጣት ከመምታት ይልቅ ሮጠው ትራይ ማስቆጠር ይመርጡ ነበር። በዚያው ዓመት ፍጻሜ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በፖቸፍስትሩሙ የሰሜን ምዕራብ ዩኒቨርሲቲ 33 ለ15 እየተመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሦስት ትራይ አከታትሎ 39 ለ33 አሸነፈ። እያንዳንዱ ትራይ ከነምቱ 8 ነጥብ ነበር። በተለመደው ሕግ ቢሆን 21 ነጥብ ብቻ ያገኝ ነበር።

ወግ ለሚወድ የእንግሊዙ ይሻለዋል። እኔ ሰኞ ማታዬን ለደቡብ አፍሪካው ሰጥቻለሁ።