በለገጣፎ መንገድ ሰፈሮች የሚሰጥ የቤት ለቤት የውሻ ሕክምና፦ ለልጆች ደኅንነት ምን ይጠቅማል?

ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ሰፈሮች፣ ሌሊት ጅብ ስለሚዞርና ሌባም ስለማይጠፋ፣ ብዙ ሰው ውሻ ያሳድጋል፤ ውሻው ግን አብሮ የሚውለው ከልጆች ጋር ነው። በዚሁ አካባቢ እየዞረ ውሾችን የሚከትብና ጠባያቸውን የሚመረምር የእንስሳት ሐኪም የጠራነው፣ ውሻችን ቡቺ የእህቴን የአራት ዓመት ልጅ እጅጌ በጥርሱ ከያዘ በኋላ ነበር።

ሐኪሙ ውሻውን ከመንካቱ በፊት የሚታሰርበትን ቦታ ለማየት ጠየቀ። ሰንሰለቱ ከቤቱ ወደ ውኃ ቧንቧው በሚወስደው መተላለፊያ አጠገብ የታሰረ ሲሆን፣ ሣሩ በውሻው እግር ተረግጦ አልቆ ክብ ሠርቷል፤ ልጆቹም ኳስ ሊያነሡ በወጡ ቁጥር ያንን ክብ ያቋርጣሉ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣበት መሸሽ ስለማይችል ወደ መንከስ እንደሚገፋ ካስረዳን በኋላ አጥንት እንዲመጣለት ጠየቀ። ቡቺ አጥንቱን እየቆረጠመ ሳለ ሐኪሙ በጎን ጥቂት ቀረብ ሲል፣ ውሻው መቆርጠሙን አቁሞ አንገቱን ሳያነሣ ደርቆ ቀረ፤ የዓይኑም ነጭ ታየ።

«ልጁን እኮ ያውቀዋል፣ ዶክተር» አለች እናቴ።

«ያውቀዋል፣ እማማ፤ አጥንቱን ግን አብልጦ ይወደዋል» ሲል መለሰላት።

በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ዋና ጥቅም ይህ፣ ማለትም ውሻው ከመንከሱ በፊት የሚያሳየውን ምልክት እንድናስተውል ማድረጉ ነው። ሕፃናትን የሚነክሱት ውሾች አብዛኞቹ የባዕድ ሳይሆኑ የቤት ወይም የጎረቤት ውሾች ናቸው፤ ልጅ የተኛ ውሻ ላይ ይወድቃል፣ አንገቱን አንቆ ያቅፋል፣ ከሚበላው ላይ ይነጥቃል፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ንክሻው ብዙ ጊዜ ፊቱና ራሱ ላይ ያርፋል። ውሻው ግን አስቀድሞ ይናገራል፦ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ በመጨረሻም ያጉረመርማል። እኛ ደግሞ ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ እናስተምረዋለን። በዚህ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ስላለ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል።

ስለ ባለቤት ኃላፊነትም ሳይሸፋፍን ነግሮናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ልጁ ነው የነካካው» የሚለው የሰፈራችን የተለመደ መልስ ብዙ አያስኬድም። ክትባቱን በየዓመቱ ማሳደስ የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላልና። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ነካሹን ውሻ በንዴት ደብድቦ ከመግደል ይልቅ፣ ጤነኛ መስሎ ከታየ ለ10 ቀናት ታስሮ በሐኪም ክትትል ሥር ቢቆይ የበሽታውን ነገር ለመለየት ይረዳል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ከቀጠሮው እጅግ ዘግይቶ መጣ፤ ለውሻው ምግብ የሚሰጡትንና ማታ የሚፈቱትን ዘበኛችንን ጋሼን ሳያነጋግር ሄደ፤ ጥሎልን የሄደው የመመሪያ ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ስለሆነ ለእርሳቸው የሚፈይደው ነገር የለም። ክፍያው የውሻውን የአንድ ወር ቀለብ የሚያስንቅ ሆኖ ሳለ ተመልሶ የማየት አገልግሎት አይጨምርም። ውሻውን የባሰ ኃይለኛ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ባይጠራው ይሻላል፤ ጎረቤታችን ይህንኑ ጠይቆት እምቢ ብሎታል፣ ደግ አደረገ።

ልጅና ውሻ በአንድ ግቢ ለሚያሳድጉ አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ ሲጠሩት ግን ውሻውን የሚመግበው ሰው ቤት መኖሩን ያረጋግጡ። እኛ በምክሩ መሠረት ሰንሰለቱን ትተን ከጓሮ በኩል ለቡቺ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቦታ አሠርተናል፤ ሽቦውና እንጨቱ ከሐኪሙ ክፍያ በላይ ስለፈጁ፣ ይህን ወጪ በስልክ ሲቀጥረን አስቀድሞ ቢጠቁመን መልካም ነበር።