ለኮምፒውተር ጠጋኙ ጋሼ ምስጋና፣ አቧራ ላስቸገራችሁም ጥቆማ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና አምባሳደር አካባቢ ቢሮ ኖሯችሁ የዴስክቶፓችሁ ፋን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮህባችሁ፣ ይህችን ጥቆማ ሳታነቡ እንዳታልፉ። በቢሯችን የኮምፒውተር ነገር የሚመለከተን ባልደረቦች በጋራ የምናመሰግናቸው አንድ ባለሙያ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር፤ አሁን ሥራቸው ኮምፒውተር ነው። አቧራ የሚያራግፍ ሰው በከተማው ሞልቷል። እሳቸው ግን አቧራውን ካስወጡ በኋላ «በየት ነው የገባው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መግቢያውን ሳይዘጉም ካቻቢቴያቸውን አያስቀምጡም።

ሲመጡ ኬዙን ለመክፈት አይቸኩሉም። ኮምፒውተሩን ሙሉ ጭነት ላይ ያደርጉና (በአቅሙ ልክ ያሠሩትና) 10 ደቂቃ ያህል የፕሮሰሰሩን ሙቀት ኤችደብሊው ሞኒተር በሚባለው ፕሮግራም እያዩ ይቆያሉ። ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፈው ኬዙ ላይ ይለጥፉታል። ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ እንዳይጎዱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። «አርጅቷል፣ ይንቀራፈፋል» ተብሎ ለሽያጭ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ሲመረመር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። ከእኛ ማሽኖች አንዱ ከጽዳቱ በፊት 97 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ከጽዳቱ በኋላ በዚያው ጭነት 74 ላይ ረጋ። በነገራችን ላይ፣ የበፊቱንና የኋላውን ቁጥር ሳያሳያችሁ «ጸድቷል» ብሎ ሂሳብ ለሚጠይቃችሁ ሰው አትቸኩሉ።

አፈታታቸው ሥርዓት አለው። ገመዱን ከግድግዳው ይነቅላሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስጨርሳሉ፣ ከዚያ ኬዙን በረንዳ ላይ ያወጡታል። ቢሮ ውስጥ የተነፋ አቧራ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነውና። ቦርድ ከመንካታቸው በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት በእጃቸው ይነካሉ፤ በበጋ ደረቅ አየር ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ለማበላሸት ይበቃል። የቤት ቫኪዩምንም በዚሁ ምክንያት ወደ ቦርዱ አያስጠጉትም። በብሎወር ሲነፉ ደግሞ እያንዳንዱን ፋን በጣት ወይም በእርሳስ ይይዙታል። ፋን በነፋስ ብቻ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል፤ የራሱ የፋኑ ገመድ ከማዘርቦርዱ ካልተነቀለም እንደ ትንሽ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ግን ሌላ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ከላይ ሲታይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ጋሼ አራቱን ብሎን ፈተው ፋኑን ከሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከሚስበው ባለ ቅጠል ብረት) ላይ ሲያነሱት፣ ከስሩ እንደ ባዘቶ የታመቀ ግራጫ አቧራ በሂትሲንኩ ቅጠሎች ላይ ተነጥፎ ተገኘ። በጣታቸው ከአንዱ ጫፍ ይዘው ሲስቡት ሳይበጣጠስ አንድ ላይ ተነሳ። ፋኑ ሲጮህ የከረመው ይህንን ለመብሳት ነው፤ አየሩ ቅጠሎቹ መሃል ሳይገባ እዚያው ይመለስ ነበር። ከላይ በብሎወር ቢነፋ ይኸው ሽፋን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ፋኑ ይነሳል፣ ሽፋኑ በእጅ ይለቀማል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከታች ወደ ላይ፣ አየሩ በሚሄድበት ተቃራኒ አቅጣጫ ይነፋል።

አቧራውን ለማስነፋት ኮምፒውተር ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት መሄድን በተመለከተ አቋማቸው ጠንካራ ነው፤ እኛም እንስማማለን። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለጎማ የተሠራ ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከፓምፑ ዘይት ይቀላቀላል፣ ግፊቱም 8 ባር ሊደርስ ይችላል። የሚወጣው እርጥብ አየር ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ በቺፖቹ እግሮች መሃል ጭቃ ይሠራል፤ የፋን ምላስም ይሰብራል። የሚጮህ ፋን ላይ የምግብ ዘይት ጠብ የሚያደርጉም አሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይልና ዘይቱ ሙጫ ሲሆን ጨርሶ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ፋን ጋሼ ይቀይሩታል እንጂ አያክሙትም።

ሂትሲንኩ ራሱ ከተነሳ አሮጌው ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግረው ቅባት) ተጠርጎ አዲስ መቀባት አለበት። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ አይመርጡትም፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ይዘው ይመጣሉ። አዲሱ ፔስት ከምስር ተለቅ፣ ከሽምብራ አነስ ያለች ጠብታ ናት፤ ሲበዛ በዙሪያው ይፈሳል እንጂ የተሻለ አያቀዘቅዝም። ኤኤም 4 የሚባለው የፕሮሰሰር መሰኪያ ያላቸው የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፔስቱ ደርቆ ከሆነ ሂትሲንኩ ሲነቀል ፕሮሰሰሩን ይዞት ሊወጣ፣ እግሮቹም ሊጣመሙ ይችላሉ። ስለዚህ ማሽኑን ትንሽ አሠርተው ያሞቁታል፣ አጥፍተው ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ ቀስ ብለው ያወዛውዙትና ከዚያ ያነሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማሽኑ ተገጥሞ ከበራ በኋላ ጋሼ ከሶፍት ላይ ቀጭን ቁራጭ ይቀድዱና በኬዙ ስንጥቆች፣ በዩኤስቢ ቀዳዳዎቹና ከኋላ ባሉት የካርድ ስሎቶች አጠገብ እያንጠለጠሉ ያዞሩታል። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ኬዙ በዚያ በኩል ያልተጣራ አየር እየጠጣ ነው። አስወጪ ፋኖች ከአስገቢዎቹ ሲበረቱ ውስጡ አየር ይጎድለዋል፤ ጉድለቱን ያገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይሞላዋል። ፊት ለፊት ምንም ያህል ጥሩ ፊልተር ቢለጠፍ በጓሮ የሚገባውን አያስቆምም። የእኛ ማሽኖች ከኋላም ከላይም አስወጪ ፋን ነበራቸው፣ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ብቻ።

እሳቸው ሚዛኑን ገለበጡት። ፊት ለፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ። የኋላው ከፊተኞቹ ቀስ ብሎ እንዲዞር ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ላይ ተስተካከለ፤ የላይኛው ፋን ተነስቶ ቀዳዳው ተሸፈነ። ፋን ስትገጥሙ የአቅጣጫ ቀስት ካጣችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ ክንዶች ባሉበት በኩል ነው። የጠፉትን የስሎት ሽፋኖች ከተጣሉ ኬዞች አምጥተው ገጠሙ። ፊልተሩን ካለበሱ በኋላ የሶፍቱን ሙከራ እንደገና አደረጉ፤ ይህን የሚዘልል ባለሙያ ብዙ ነው። ፊልተር የአየሩን መንገድ ስለሚያጠብ፣ ያለ ፊልተር የተስተካከለ ሚዛን ፊልተር ሲገባ ሊገለበጥ ይችላል። ስቶኪንግ እጥፍ አድርገው የሚወጥሩ ሰዎች ችግራቸው እዚህ ላይ ነው፤ አቧራውን ይከለክላሉ፣ አየሩንም አብረው ያንቃሉ።

ከተማችን ላይ ይህ ሁሉ የሚብስበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያግዘው ሙቀት ያነሰ ነው። ቀዝቃዛው አየራችን የተወሰነውን ያካክሳል፤ ሂትሲንኩ በአቧራ ሲደፈን ግን የቀረችው ትንሽ ትርፍም ታልቃለች። በዚህ ላይ የበጋውን ንፋስና የኮሪደር ልማቱን ቁፋሮ ጨምሩበት።

ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን) አይከፍቱም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ከውጭ በወንፊቱ በኩል፣ ፋኑን በቀጭን እንጨት ይዘው ይነፉታል። ፋኑ ወደ ታች የዞረ ከሆነ ኬዙ ምንጣፍ ላይ እንዳይቀመጥ አጥብቀው ያሳስባሉ። የእኛን ሁሉ ከወለሉ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አደረጓቸው፤ በመጥረጊያ የሚነሳው አቧራ ወለሉ አጠገብ ይበዛልና።

የጽዳት ባልደረባችንንም እዚህ ላይ ሳናመሰግን አናልፍም። ጋሼ እንደነገሯት ውሃ ረጨት አድርጋ ወይም በእርጥብ መወልወያ ትሠራለች፤ ልዩነቱ ፊልተሩ ላይ ይታያል። ቡና የሚፈላውም ከኮምፒውተሮቹ ርቆ ሆኗል። የከሰልና የዕጣን ጭስ ቦርዱ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ በዚያ ላይ ያረፈ አቧራ በብሎወር አይነሳም፣ በለስላሳ ብሩሽና በአልኮል ካልሆነ። ዳንቴል ለምታለብሱት ደግሞ፦ ሲጠፋ አልብሱት፣ ሲበራ ግን አንሱለት። ሞቃቱ አየር ከኋላ መውጫ ካጣ ተመልሶ የሚገባው ያው አየር ነው። ፊልተሩን በበጋ በየሦስት ሳምንቱ፣ በክረምት በየወሩ ተኩል ማጠብ ይበቃል። ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይመለስም።

አንድ ቅሬታ አለን፦ ዝግ ያሉ ናቸው። አንድ ማሽን ላይ ግማሽ ቀን ሊያጠፉ ይችላሉ፤ ለነገ የሚደርስ ሥራ ይዛችሁ አትጥሯቸው። በውሃ የሚቀዘቅዙ ማሽኖችንም አይነኩም፤ እንደማይነኩ ግን ገና በስልክ ይነግሯችኋል። ዋጋቸው ካዩት በኋላ ነው፣ የሚለወጥ ዕቃ ካለም በደረሰኝ ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እሳቸውን አስፈቅደን እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት ኬዙን ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሱ፣ ስንት ፋን እንዳለውና የትኛው ስሎት ሽፋን እንደጎደለው ቁጠሩ፤ የሚያስፈልገውን ይዘው ይመጣሉ።