የሚበየድ ዳዶ፦ ብሩ ይገባዋል ወይ?

ስለ ዳዶ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን አንድ ፓኬት የሚበየድ ዳዶ ገዝቼ፣ ግማሹን አስበይጄ፣ ሁለቱን ጥዬ፣ አንዱን በመዶሻ ነቅዬ አሁን ገና መውጣቴ ነው። ስለዚህ የምለው አለኝ።

ነገሩ የመጣው በስኮርታ ጎማ ነው። መኪናዬ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ናት። ስኮርታዋ ከሥር ነው የሚንጠለጠለው። በክረምት የጭልጋን የገጠር መንገድ የምታውቁ ሰዎች ጭቃ ላይ ተንጋሎ ጎማ ማውረድ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልጋችሁም። በቃ ጎማው ከኋላ ይቁምልኝ አልኩ። መያዣው በቱቦላሬ ይሠራል፣ ግን ስፈልግ የሚፈታ መሆን አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቱቦላሬው አንዴ ከተዘጋ ውስጡ እጅ አይገባም፣ ቁልፍም አይገባም፣ ዳዶውን ከኋላ ማን ይይዘዋል? ዳዶው ራሱ ብረቱ ላይ ተበይዶ መቅረት አለበት።

ጎንደር አዘዞ መስመር ላይ ያሉትን በያጄን ሳማክራቸው ሳቁብኝ። «ተራውን ዳዶ እበይድልሃለሁ፣ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱን ሞክሬው አይቻለሁ፣ አንቱ ጋ አይደለም እንጂ» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ጋራዥ ውስጥ ተራ ዳዶ አስበይጄ ነበር። ሱቅ ውስጥ የምናገኘው የሚያብረቀርቀው ዳዶ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ብረቱ ለመቅለጥ ግን ወደ 1500 ይፈልጋል። ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ቀድሞ ጢስ ይሆናል ማለት ነው። ነጭ ጢስ ቡፍ ይላል፣ ብየዳው ይንጣጣል፣ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያወጣል። የበየደው ልጅ ደግሞ ማታውን ብርድ ብርድ አለው፣ አንቀጠቀጠው፣ ወባ ነው ብሎ ሊመረመር ሁሉ ሄደ። የዚንክ ጢስ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፣ ግን ጨዋታ አይደለም። ወተት ጠጣበት የሚሉትን ተዉት፣ ይልቅ ዚንኩን በግራይንደር አስነሱ፣ በርና መስኮት ክፈቱ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የሚበየደው ዳዶ ጥቁር ነው፣ ትንሽ ዘይት ነክቶታል፣ ዚንክ የለውም። ካርቦኑ ያነሰ ብረት ስለሆነ ሲበየድ አይሰነጠቅም። ጠንካራውን፣ ላዩ ላይ 10 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተመታበትን ዳዶ ብትበይዱት ግን ይሰነጠቅባችኋል። የኔው ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፣ ባለ አራት ማዕዘንም አለ። የኔው ሥሩ ላይ አጭር ክብ አንገት አለው። ከአንገቱ ዙሪያ ደግሞ ሦስት ትናንሽ እግሮች።

ገንዘቡን የሚያወጣው አንገቱ ነው። ላሜራውን ትበሳላችሁ፣ አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ዳዶው ወዲያ ወዲህ አይልም፣ ብሎኑም ቀጥ ብሎ ይገባል። በተራ ዳዶ ስትሠሩ ይህን በዓይን ግምት ነው የምታደርጉት፣ አራት ቀዳዳ ካለ ደግሞ አንዱ የግድ ይጣመማል። ቀዳዳው ግን ልክ መሆን አለበት። ለኤም 10 ዳዶ፣ ማለትም ባለ 10 ሚሊ ብሎን ለሚገባበት፣ 12.5 ሚሊ፣ ለኤም 8 ደግሞ 10.5 ሚሊ። በያጄ ጋ የነበረው ባለ 12 መብሻ ነው፣ የቀረችውን ግማሽ ሚሊ በክብ ሞረድ አሰፏት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እኔም ሻይ ጠጣሁ።

እግሮቹስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኛ ምንም አይሠሩም። የተሠሩት ለፋብሪካ ማሽን ነው። ማሽኑ ዳዶውን ከላሜራው ጋር ጨምቆ ከባድ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል፣ ሦስቱ እግሮች ይቀልጡና ዳዶው በአንድ ጊዜ ይጣበቃል። በኤሌክትሮድ ለምንበይድ ሰዎች ግን እግሮቹ ዳዶውን ከላሜራው ከፍ አድርገው ክፍተት ይተዋሉ። በዚያ ክፍተት ውኃ ይገባል፣ ከዚያ ዝገት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንዲሁ በይደን ጣልናቸው። ከዚያ በኋላ እግሮቹን በግራይንደር ላጨናቸው፣ አንገቱን ሳንነካ። ዳዶው ላሜራው ላይ ልጥፍ አለ። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፣ አያውቅም መሰለኝ።

የተበየደው በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ነው። አንድ ጎን ነካ፣ ተቃራኒውን ነካ፣ ትንሽ ማቀዝቀዝ። ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ከዞራችሁት ዳዶው ይሞቅና ጥርሱ ይዛባል። በመሃል መብራት ጠፋ፣ እንግዲህ እሱም የሥራው አካል ነው።

ፍንጣሪው ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ ብሎን አስገብተን ነበር የምንበይደው። አንዱ ላይ ፍንጣሪው ብሎኑን ራሱን ያዘው። በመዶሻ የወጣው እሱ ነው፣ ዳዶውም አብሮ ሞተ። የነሐስ ብሎን ብታገኙ ፍንጣሪ አይጣበቅበትም፣ እኔ አላገኘሁም። ሲያልቅ በሁሉም ላይ ጥርስ ማውጫ አሳለፍንባቸው፣ ይህን አትዝለሉ። ባትሪውንም ሳትነቅሉ መኪና ላይ ብየዳ አታስጀምሩ።

አሁን ዋናው ብስጭቴ። ብዙዎቻችን የምንነዳው ቶዮታ ነው አይደል? ከቶዮታ ላይ የወጣ ኤም 10 ብሎን ብዙውን ጊዜ ጥርሱ 1.25 ነው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ)፣ ራሱ በ14 ቁልፍ ይፈታል። እኔ የገዛሁት ዳዶ ደግሞ 1.5 ነው፣ የሱ ብሎን 17 ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ያለኝን የድሮ ብሎን ሳስገባ ሁለት ዙር ሄዶ ነከሰ። እኔ ሞኙ በቁልፍ ልገፋው ነበር፣ በያጄ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ በጣትህ ካልገባ በቁልፍ አትግፋው» አሉኝ። ፓኬቱ ላይ ያለው ኤም 10 የሚል ብቻ ነው፣ ስለ ጥርሱ አንድ ቃል የለም። ስትገዙ የራሳችሁን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ በጣታችሁ አዙራችሁ ሞክሩ። እኔ አዲስ ብሎን ለመግዛት ጎንደር ፒያሳ ድረስ ተመልሻለሁ።

ዋጋው ከተራ ዳዶ ከእጥፍ በላይ ነው። ከሃያው ሁለቱ ደግሞ ጥርሳቸው ከነሱቁ የተበላ ነበር። ሻጩ ያለ ክርክር ቀየረልኝ፣ ለሱ ምስጋና። ዓይነቱ ግን ትንሽ ነው። ኤም 6 የለም፣ ክቡ፣ ቱቦ አፍ ላይ የሚገባውና ረጅም ጥርስ ያለው ደግሞ ጭራሽ የለም። ለወፍራም ብረት የሚሻለው እሱ ነበር፣ ምክንያቱም ይህኛው የላሜራ ዕቃ ነው፣ ብሎኑን የሚይዝለት ጥርስ አጭር ነው። ክቡን የፈለገ ወይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈልግ፣ ወይ ቶርኖ ቤት ያሠራ።

ጎማውን ጭኜ ደባርቅ ደርሼ መጣሁ፣ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአራቱ አንዱ ብሎን ላልቶ አገኘሁት። ዳዶው ንቅንቅ አላለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባለ ስፕሪንግ ራንዴላ አላስገባሁበትም ነበር። አስገብቼ አሰርኩት፣ እስካሁን ሰላም ነው።

ከኋላው እጅ የሚገባበት ቦታ ከሆነ ይህን አትግዙ፣ ተራ ዳዶና ብሎን ይበቃችኋል። ዝግ ቱቦላሬና ዝግ ላሜራ ላይ ግን እኔ ሌላ አልሞክርም። በያጄም የቀሩትን ዳዶዎች «እዚህ ይቀመጡ፣ ሌላ ጊዜ ትመጣለህ» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቷቸው። እግራቸውን ልጠው ነው ያስቀመጧቸው።